ድንጋዩን አስታውሳለሁ

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ደብረ ሲና ትምህርት ቤት፣
በጠመኔ የሣልሁት፣ ኩላሊትና ጉበት፤
«ኩላሊት አናት ላይ ቆብ የደፋ ዕጢ አለ፣
ሲያዩት ዝም ያለ፣ እንደ መነኩሴ ዓለምን የጣለ፤
ፍርሃት በሩን የመታ ለት፣ ደወሉን የደወለ
እሱ ነው» እል ነበር። ልጆቹ ይስቃሉ፣ እስቅ ነበር እኔም ያኔ፣
ደወሉ እንደ ተሰቀለ ሳላውቅ በገዛ ጎኔ።

ሐምሌ ነው። ከደብረ ብርሃን ስመለስ ፈተና አርሜ፣
ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበርሁ፣ መስኮት ተደግፌ፣ ደክሜ።
ዋሻውን ወጥተን ጭጋጉ ጣርማ በር ላይ አፉን ሲከፍት፣
ሾፌሩ ፍሬን ረገጠ፤ እግሩ ወረደ ባዶ ቤት።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ጠይቁኝ፣ አንድ ሳልስት ልንገር፦
የተቃጠለ ጎማ ሽታ፤ ቆሎ ከጆንያ ሲፈስስ፣ እንደ በረዶ ሲነጥር፤
ፊቴ ካለው ወንበር ጀርባ በእስክሪብቶ የተጻፈ «ፍቅር»፣
«ር»ዋ ግማሽ የተፋቀች።
አውቶቡሱ ግንቡን እየታከከ፣ እየዘገየ፣ እየዞረ፣
አፍንጫው ከገደሉ አፋፍ ሁለት ክንድ ያህል ሲቀረው፣
በሩ ተከፈተ፤ ረዳቱ ዘለለ፣ ድንጋይ አነሣ፣ በረረ።

ድንጋዩን አስታውሳለሁ።
ግራጫ ነው፣ ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ባንድ ጎኑ ሽበት ያለው፣
እርጥብ፤ ጉንዳን ይሄድበታል፣ የሆነውን ገና ያልሰማው።
ጎማው ላዩ ላይ ሲወጣ ያሰማውን ድምፅ ዐውቃለሁ፣
ዛሬም ዝም ባለ ሌሊት ጥርሴ ሥር እሰማዋለሁ።
የረዳቱስ ፊት?
የለም።
ድንጋይ አቅፎ የሮጠው አንገት የሌለው ሸሚዝ ነው፤
እግሩን ጎማው ሲይዘው የጮኸው ባለቤት የሌለው ድምፅ ነው።
እንዲህ ነው አድሬናሊን፤ አንዷን ቅጽበት በእሳት ያትማል፣
ዙሪያዋን ለጨለማ ይተዋል።

ይሄስ ይሁን። የከፋው ከኋላው የመጣው ነው፣ ኮርቲሶል፤
ለአንድ ሌሊት ተጠግቶ ዓመት የከረመ እንግዳ ይመስል፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ይነሣና «ፍሬኑስ?» ይለኛል፤
አልጋዬ ቁልቁል ይሄዳል።

አንጎል ውስጥ አንዲት ጓዳ አለች፣ ትዝታ የሚከተትባት፣
ሂፖካምፐስ፤ የባሕር ፈረስ ትመስላለች ብለው ነው ስም ያወጡላት።
ባሕር እንኳ አላየሁም። ፈረስ ግን ዐውቃለሁ፣ የመንዝ ልጅ ነኝ፤
ጭነት ሲበዛበት ፈረስ፣ ጀርባው አይደለም የሚላጥ ቀድሞ፣
መንገዱን ነው የሚረሳ፣ መስቀለኛው ላይ ቆሞ።

መስከረም ክፍል ገባሁ። ዕጢውን ሣልሁ፣ ቆቡን ደፋሁለት፣
«ከዚህ የሚመነጨው ቅመም...» ብዬ ቆምሁ፤ ቃሉ ጠፋ ከአንደበት።
ስልሳ ዐይን ያየኛል። ሃያ ሁለት ዓመት የጠራሁት ስም!
ከኋላ ትርንጎ ናት፣ ቀስ ብላ «ኮርቲሶል፣ ቲቸር» አለች፤ የሳቀ የለም።

በጥቅምት፣ መናኸሪያው በር፣ ከቆሎ ሻጮቹ ተርታ፣
ምርኩዝ የያዘ ጎልማሳ ተነሣልኝ ለሰላምታ።
«አላወቅከኝም፣ ቲቸር?»
ፊቱን አየሁት፤ እንደ ተጠረገ ሰሌዳ ባዶ ነበር።
እጁን ሲዘረጋልኝ ግን መዳፉ ላይ ጠባሳ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን፤
ድንጋዩ መጣ፣ ያ ድንጋይ፣ ከነሽበቱ፣ ከነጉንዳን።
«ደጀኔ ነኝ» አለ፣ «ረዳቱ»።
ከእኔ ቀድሞ ጉልበቴ ነው ያወቀው፤ ከዳኝ።

ስሙን በቀይ እስክሪብቶ መዳፌ ላይ ጻፍሁት። ማታ ስታጠብ ሄደ።
በነጋታው ጠየቅሁት፣ ነገረኝ። በሦስተኛውም ቀን፤ ስሙ በየቀኑ ተወለደ።
አይሰለቸውም። አንድ ኩባያ ቆሎ ሰፍሮ በርጩማውን ይለቅልኛል፤
ስለ ሽንብራ ዋጋ ስናወራ ባለ ቆቡ ዝም ይላል፣
ፈረሱም፣ አንዳንዴ፣ ጭነቱ ወርዶለት ሣር ይግጣል።

ነገ እረሳው ይሆናል።
ዛሬ ግን፣ ጭጋጉ ሳይወርድ፣ ከበርጩማው ሳልነሣ ገና፣
ሳልጠይቀው «ደጀኔ!» ልበል፤ አቤት ይለኛልና።